የሊንዝ ዓይን፦ ማርማላታ የተሞላ የአልመንድ ኩኪስ ለበዓል፣ ከሊጡ እስከ ቆርቆሮው

ለበዓል ከሚጋገሩ ኩኪሶች አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ሳላመነታ ይህን እመርጣለሁ። ሁለት ስስ የአልመንድ ኩኪሶች ተጣብቀው በመካከላቸው ወፈር ያለ ቀይ ማርማላታ ይገባል። የላይኛው ኩኪስ መሀሉ ተበስቶ ማርማላታው በመስኮቱ ያበራል፤ ዙሪያው ደግሞ በዱቄት ስኳር ነጭ ይሆናል። ሲነከስ ቀጭ አይልም። ለስለስ ብሎ አፍ ውስጥ ይፈርሳል፣ ቅቤውና አልመንዱ ይቀድማሉ፣ የማርማላታው ጎምዘዝ ያለ ጣዕም ተከትሎ ይመጣል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ዕለት ግን እንዲህ አልወጣልኝም። ሊጡን አቡክቼ ወዲያው ዳመጥኩት፤ በቅርጽ ማውጫው ስቆርጠው ተንጠለጠለ፣ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ተዘርግቶ መስኮቶቹ ተደፈኑ። ማርማላታውንም ከጠርሙሱ እንዳለ ስለተጠቀምኩ በጎን እየፈሰሰ ሳህኑን አጨቀየው። የተጠቀምኩት ምጣኔ ዛሬም ከምጠቀምበት ብዙም አይለይም። የጎደለው ቅዝቃዜና ጊዜ ነበር። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ «ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ» እና «ጠብቁ» የሚሉትን ቃላት ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። እባካችሁ አትዝለሏቸው፤ የዚህ ኩኪስ ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት

ኩኪሱ ስሙን ያገኘው በኦስትሪያ በዳኑብ ወንዝ ዳር ካለችው ከሊንዝ ከተማ ነው። ከተማዋ ሊንዘር ቶርተ በሚባል ኬኳ ትታወቃለች። ኬኩ ከአልመንድ ወይም ከሌላ ጠንካራ ፍሬ ዱቄት፣ ከቅቤና ከቅመም ይሠራል፤ ማርማላታ ይቀባና በላዩ ላይ የሊጥ ክሮች እንደ መረብ ይደረደራሉ። የዚህ ኬክ በጽሑፍ የሚታወቀው ጥንታዊ አሠራር እ.ኤ.አ. የ1653 ሲሆን የተገኘው በኦስትሪያ በአድሞንት ገዳም በተጠበቀ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ኩኪሱ የኬኩ ታናሽ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በአገሩ ሊንዘር አውገን፣ ማለትም የሊንዝ ዓይኖች ይሉታል፤ በተለመደው አሠራር የላይኛው ኩኪስ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት በኦስትሪያ ቤቶች ከሚጋገሩት ኩኪሶች አንዱ ነው። የሚሞላውም ሪቢዝል ከሚሏት ቀይና ጎምዛዛ ፍሬ በተሠራ ማርማላታ ነው። ይህን የማነሣው አንድ ነገር ስለሚያስተምረን ነው፤ ማርማላታው ጎምዛዛ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ኩኪሱ በቅቤና በስኳር የከበደ ስለሆነ የሚያቃልለው ያ ጉምዛዜ ነው።

የሚያስፈልገው

ይህ መጠን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ወደ 40 ጥንድ ኩኪሶች ይወጣዋል።

ለሊጡ፦
250 ግራም የፉርኖ ዱቄት
120 ግራም በደቃቁ የተፈጨ አልመንድ
200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ
100 ግራም ዱቄት ስኳር
1 የእንቁላል አስኳል
የ1 ሎሚ የተፈቀፈቀ ልጣጭ
1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ
ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ
በሁለት ጣት ቆንጠር ያለ የተፈጨ ቅርንፉድ
ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው

ለመሙያው፦
250 ግራም ማርማላታ (ሪቢዝል፣ ራስቤሪ ወይም እንጆሪ)
1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ

ለላዩ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ዱቄት ስኳር፤ ለመዳመጥና ለመጋገር ደግሞ በቂ የመጋገሪያ ወረቀት።

በሚዛን ሥሩ። ዱቄት በስኒ ሲለካ እንደ አጨማመራችን በብዙ ግራም ይለያያል፣ ይህ ሊጥ ደግሞ 30 ግራም ዱቄት ሲበዛበት ወዲያው ይደርቅና ሲዳመጥ ይሰነጣጠቃል።

ቅቤው ሳይነጠር በእሽግ የሚሸጠው የገበታ ቅቤ መሆን አለበት። ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ስብ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ምጣኔው የተሠራው በዚያ ልክ ነው። ማርጋሪን ቅርጽ ይይዛል፣ ነገር ግን ከጣዕሙ ግማሹ ቅቤ በሆነ ኩኪስ ላይ መተኪያው ይታወቃል። ስኳሩ ዱቄት ስኳር ይሁን የምለው ደቃቅነቱ ሊጡን ለስላሳ ስለሚያደርገው ነው። ተራው ስኳር ኦቨን ውስጥ ሲቀልጥ ኩኪሱን ይዘረጋዋል፣ ጠርዙም ጥርትነቱን ያጣል። ቤኪንግ ፓውደር የለም፣ አትጨምሩም። ኩኪሱ እንዲነፋ አንፈልግም፤ እንደተቆረጠ እንዲቀር ነው የምንፈልገው። ከእንቁላሉ አስኳሉ ብቻ የገባበት ምክንያትም ቅርብ ነው፦ ነጩ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ውሃ ደግሞ ከዱቄቱ ጋር ተገናኝቶ ሊጡን እንደ ዳቦ ሊጥ የሚሳብ ያደርገዋል።

አልመንዱን መፍጨት

አንድ የስም ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በመጻሕፍት ለውዝ ሲባል አልመንድን የሚያመለክትበት ጊዜ አለ፤ በዕለት ንግግር ግን ለውዝ ስንል ብዙዎቻችን ኦቾሎኒ ማለታችን ነው። እዚህ የምለው በዛፍ ላይ የሚያፈራውን፣ ጠፍጠፍ ብሎ በአንድ ጫፉ የሾጠጠውን፣ ቡናማ ስስ ቅርፊት ያለውን ነው። ጣፋጩን አልመንድ ተጠቀሙ። መራራ አልመንድ የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ ጥሬው ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚለቅ ንጥረ ነገር ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቅርፊቱን ማንሣት የምርጫ ጉዳይ ነው። ከነቅርፊቱ የተፈጨ አልመንድ ኩኪሱን ጠቃጠቆ ያደርገዋል፣ ጣዕሙንም ጠንከር ያደርገዋል፤ እኔ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው የምሠራው። ነጣ ያለ ኩኪስ የምትወዱ ከሆነ የፈላ ውሃ አፍሱበትና 1 ደቂቃ ቆጥራችሁ አጥልሉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት፣ ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ጫን ስታደርጉት ፍሬው ከቅርፊቱ ሾልኮ ይወጣል። ርጥብ አልመንድ አይፈጭም፣ ይላቁጣል። ስለዚህ በንጹሕ ፎጣ አድርቃችሁ በ100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት፣ ከዚያም ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

አሁን መፍጨቱ። ከአልመንድ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ብሌንደሩን ለቅቃችሁ ብትተዉት ስለቱ ይሞቃል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ዱቄት የጠበቃችሁት ነገር ቅባት ሆኖ ከጎድጓዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መከላከያው ሁለት ነገር ነው። ከተመዘነው ዱቄት ስኳር ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ ከአልመንዱ ጋር ጨምሩ፤ ስኳሩ የሚወጣውን ዘይት ይመጥጣል። ከዚያ አንድ ሁለት ሰከንድ እያስነሣችሁ እያቆማችሁ ፍጩ፣ በየመካከሉ ከታች ያለውን በማንኪያ ወደ ላይ አገላብጡት። መጀመሪያ ድምፁ እንደ ጠጠር ይንኳኳል፣ ቀስ በቀስ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ያኔ ቆንጠር አድርጋችሁ በጣታችሁ መካከል ጫኑት። ተጭኖ መልሶ ከተበተነ ልክ ነው። ተጣብቆ ከቀረ ገደቡ ላይ ናችሁ፣ እዚያው አቁሙ። በመጨረሻ በወንፊት ንፉት፤ በወንፊቱ ላይ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩት። አንድ ያልደቀቀ ስባሪ የመስኮቱን ጠርዝ ለመሰንጠቅ ይበቃል።

ሊጡ

ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ግን ያልወዛ እስኪሆን ጠብቁ። በቴርሞሜትር 18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ቅቤውን፣ የቀረውን ዱቄት ስኳርና ጨውን ለ2 ደቂቃ ያህል በዝግታ ምቱ። እንደ ኬክ ነጭ አረፋ እስኪሆን መምታት አያስፈልግም፤ የገባው አየር ኦቨን ውስጥ ያነፋዋል። እንደተዋሃደ አስኳሉን፣ ቫኒላውንና የሎሚውን ልጣጭ ጨምሩ። ሎሚውን ስትፈቀፍቁ ቢጫው ወይም አረንጓዴው የላይኛው ሽፋን ብቻ ይነሣ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ይመራል።

በሌላ ዕቃ ዱቄቱን፣ አልመንዱን፣ ቀረፋውንና ቅርንፉዱን አደባልቃችሁ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ጨምሩ። ቅርንፉዱን አደራ፣ ቆንጠር ማለት ቆንጠር ነው። ትንሽ ሲበዛ አፍ ያደነዝዛል፣ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይውጠዋል።

ደረቅ ዱቄት መታየቱን ባቆመበት ቅጽበት መደባለቁን አቁሙ። እንደ ዳቦ ሊጥ መታሸት አይፈልግም። በእጃችሁ ሰብስባችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ እያንዳንዱን 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጠፍጣፋ ድቡልቡል አድርጉት፣ በፕላስቲክ ጠቅልሉት። ጠፍጣፋ የምታደርጉት በሁለት ምክንያት ነው፦ ቅዝቃዜው ፈጥኖ መሀሉ ይደርሳል፣ ስትዳምጡትም ግማሹ ሥራ ያለቀ ይሆናል።

ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ፤ ቢያድር ደግሞ ይመረጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይከናወናል። ቅቤው ይጠነክራል፣ ዱቄቱና አልመንዱ ደግሞ ያለውን ጥቂት ርጥበት ይጠጣሉ። ያደረ ሊጥ ሲዳመጥ ጠርዙ እምብዛም አይሰነጠቅም። እስከ 3 ቀን ፍሪጅ ውስጥ፣ እስከ 2 ወር ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። በመሀል ቁራሽ እየቆነጠራችሁ አትቅመሱ፣ ለልጆችም አትስጡ፤ ጥሬ ዱቄትም ጥሬ እንቁላልም ጀርም ሊኖረው ይችላል።

መዳመጥና መቁረጥ

አንዱን ድቡልቡል አውጥታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ወዲያው ብትጫኑት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከዚያ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀቶች መካከል አድርጋችሁ ዳምጡት። በዱቄት ላይ አትዳምጡ የምለው የሚነሰነሰው ዱቄት ሁሉ ሊጡ ውስጥ ስለሚገባ ነው፤ በተለይ ሁለተኛ ዙር የተዳመጠው ይጠጥራል። መዳመጫውን ከመሀል ወደ ውጭ ግፉ፣ በየሁለት ሦስት ግፊቱ ወረቀቱን ሩብ ዙር አዙሩት፣ ወረቀቱ ከተሸበሸበ ገልጣችሁ መልሱት።

ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር በዓይን አትገምቱት። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ዘንጎች (ማስመሪያም ይሆናል) በሊጡ ግራና ቀኝ አስቀምጣችሁ መዳመጫው በእነርሱ ላይ እንዲንሸራተት አድርጉ። ሁለቱ ተደርበው 6 ሚሊ ሜትር ስለሚሆኑ ከዚህ ከወፈረ አፍ ይሞላል፣ ማርማላታውም ይዋጣል። ከዚህ ከሳሳ ደግሞ ስትሞሉት እጃችሁ ላይ ይሰበራል።

የተዳመጠውን ከነወረቀቱ በትሪ አድርጋችሁ ለ20 ደቂቃ ወደ ፍሪጅ መልሱት። ሁለተኛውን ድቡልቡል በዚያ ጊዜ ዳምጡ። ሊጡ ቀዝቅዞ እንደ ካርቶን ቀጥ ሲል የላይኛውን ወረቀት ገልጣችሁ መልሳችሁ በስሱ ጣል አድርጉበት፣ ሁሉንም ገልብጡት፣ አሁን ከላይ የሆነውን ወረቀት አንሡ። እንዲህ ሲሆን ከሥር የተጣበቀ ነገር አይኖርም፣ የተቆረጠው ክብ ራሱ ይነሣል።

በ5 ሴንቲ ሜትሩ ማውጫ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑ፣ አታዙሩት። ስትቆርጡ በክቦቹ መካከል የምትተዉት ቦታ ባነሰ ቁጥር ቁርጥራጩ ያንሳል። ክቦቹን በስስ ቢላ ወይም በጠፍጣፋ ማንሻ እያነሣችሁ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ደርድሩ።

መስኮቱን የምታወጡት ክቡ ትሪው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ በስታችሁ ቀለበቱን ልታነሡ ብትሞክሩ ይለጠጥና ሞላላ ይሆናል፣ ከታችኛው ጋርም አይገጥምም። ከክቦቹ ግማሹን ብቻ በስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትንሽ ማውጫ ብሱ፤ ኮከብም ልብም ይሆናል። ከሌላችሁ ጠርዙ ስስ የሆነ ንጹሕ ጠባብ ክዳን ይሠራል። የተቆረጠው መሀል በጥርስ መፈቅፈቂያ ጫፍ ነካ ሲደረግ ይወጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ክቦቹን ቁጠሩ። እኔ አንድ ጊዜ 50 ቀለበትና 30 ድፍን ክብ ይዤ ቀርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ትሪ ድፍን፣ አንድ ሙሉ ትሪ ቀለበት እያልኩ ነው የምሄደው።

ቁርጥራጩን ሳታሹ ደርባችሁ ሰብስቡት፣ አቀዝቅዛችሁ ድጋሚ ዳምጡት። ሁለት ጊዜ ድረስ ይችላል። ከተደጋገመ ሊጥ የወጡትን ለታችኛው ክፍል አድርጓቸው፤ የመጀመሪያዎቹን፣ ጥርት ያሉትን፣ ለላይ አቆዩ።

መጋገር

ትሪዎቹ ወደ ኦቨን ከመግባታቸው በፊት 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆዩ። ኦቨኑን በ170 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁ፤ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 160 ይበቃዋል። የብዙ ኦቨን ቁልፍ የሚያሳየው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት አይገጥምም፣ ስለዚህ ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ካላችሁ ተማመኑበት። ከሌላችሁ ሁለት ኩኪስ ብቻ አስገብታችሁ ፈትኑ።

በመካከለኛው መደርደሪያ አንድ አንድ ትሪ እያስገባችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሩ። ድፍኑንና ባለመስኮቱን በአንድ ትሪ አትቀላቅሉ፤ ቀለበቱ 1 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። ከ9ኛው ደቂቃ ጀምሮ ከኦቨኑ አትራቁ። የምትፈልጉት ቀለም ጠርዙ ላይ የገለባ ወርቅማ ነው፤ መሀሉ ገርጣ እንዳለ ይቀራል። ሲወጣ ገና ለስላሳ ስለሆነ ያልበሰለ ይመስላል። መልሳችሁ አታስገቡት። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ትኩስ እያለ ከተነሣ ይፈረከሳል። ከዚያ ወደ ሽቦ ማቀዝቀዣ አሻግሩትና ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ። ለብ ባለ ኩኪስ ላይ ስኳር ቢነሰነስ ይቀልጣል፣ ማርማላታ ቢደረግ ይንሸራተታል። ቀጣዩን ዙር በጋለ ትሪ ላይ እንዳትደረድሩ፤ ቅቤው ኦቨን ሳይገባ መቅለጥ ይጀምራል። ሁለት ትሪ እየተፈራረቁ ይሁኑ፣ ወይም ትሪውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁት።

ማርማላታው

ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚያልፈው ይህን ነው። ከጠርሙስ የወጣ ማርማላታ ለዳቦ እንዲቀባ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለኩኪስ ቀጭን ነው። በትንሽ ድስት 250 ግራሙን ከሎሚው ጭማቂ ጋር በመካከለኛ እሳት አሙቁ፣ ሲቀጥን በወንፊት አጥልሉት፣ ዘሩንና ጓጓላውን አስወግዱ። ጥርት ያለው መስኮት ከዚህ ነው የሚመጣው። ወደ ድስቱ መልሳችሁ እያማሰላችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አንተክትኩት።

መድረሱን በሳህን እወቁ። ትንሽ ሳህን ቀድማችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉበትና ግማሽ ደቂቃ ጠብቃችሁ በጣት ግፉት። ፊቱ ከተሸበሸበና ጣታችሁ ያለፈበት መንገድ ባዶ ሆኖ ከቀረ ደርሷል። መልሶ ከተገናኘ 1 ደቂቃ ጨምሩና ደግማችሁ ፈትኑ። ከልክ ካለፈም ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ይጠጥራል፤ ያኔ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ አሙቁት።

እንጆሪ ከሆነ የመረጣችሁት ተጨማሪ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አድርጉ፣ ጣፋጭነቱ ያይላልና። የአፕሪኮት ማርማላታም ያምራል፣ ወርቅማ መስኮት ይሰጣል።

መሙላትና ማሳደር

አስቀድማችሁ ባለመስኮቶቹን ለይታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሩ፣ ዱቄት ስኳሩን በወንፊት ነስንሱባቸው። ይህ ከመጣበቃቸው በፊት መሆን አለበት፤ በኋላ ቢነሰነስ ስኳሩ ማርማላታው ላይ ያርፍና ያደበዝዘዋል።

ድፍኖቹን ደግሞ ትሪው ላይ የነበረው ጠፍጣፋ ጎናቸው ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጧቸው። ማርማላታው ለብ እያለ፣ ከማንኪያ ላይ እየከበደ ሲወርድ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል መሀሉ ላይ አድርጉ። ወደ ጠርዝ አትቀቡት። ባለመስኮቱን በጠርዙ ይዛችሁ (ስኳሩ ላይ የጣት አሻራ እንዳይቀር) አስቀምጡት፣ ሩብ ዙር እያዞራችሁ በስሱ ጫኑት። ማርማላታው ራሱ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። መስኮቱ ጎድሎ ከታያችሁ ከወረቀት በተጠቀለለ ጠባብ ቀንድ አንድ ጠብታ ጨምሩ። እንዲህ የሞላው መስኮት ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ብርጭቆ ያበራል።

ሳይሸፈን 2 ሰዓት ይቆይ፤ የማርማላታው ፊት ይረጋል፣ በጣት ሲነካ አይከተልም። ከዚያ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ በየደርቡ መካከል ወረቀት እያነጠፋችሁ አስቀምጡት።

በሞላችሁበት ዕለት ብትበሉት ይጥማል፣ ነገር ግን ገና ነው። ኩኪሱ ደረቅ፣ ማርማላታው ለብቻው ነው። ሲያድር ከማርማላታው ጥቂት ርጥበት ወደ ኩኪሱ ይገባል፣ ቀረፋውና ሎሚው ይወጣል፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በሁለተኛው ቀን የሚገኘውን ያንን ልስላሴ ለማግኘት ነው ይህ ሁሉ የሚሠራው።

ስለዚህ ቀኑን ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በዓሉ ቅዳሜ ቢሆን ማክሰኞ ማታ ሊጡ ይቦካል፣ ረቡዕ ተቆርጦ ይጋገራል፣ ሐሙስ ይሞላል፣ ዓርብን አርፎ ይውላል። በየቀኑ ሥራው ከአንድ ሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ በበዓሉ ዋዜማ ኦቨኑም እጃችሁም ለሌላ ሥራ ነፃ ናቸው።

ሳይሞላ በደረቅ ቆርቆሮ 3 ሳምንት፣ ከተሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ቦታ 1 ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ርጥበቱ ስኳሩን ያቀልጠዋል።

ቢበላሽ

ኩኪሱ ከተዘረጋ ሊጡ ሞቆ ገብቷል፣ ወይም ኦቨኑ በበቂ አልጋለም። የቀረውን ሊጥ ከቆረጣችሁ በኋላ ፍሪዘር ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጡት። ሲዳመጥ የሚሰነጠቅ ከሆነ ወይ ከልክ በላይ ቀዝቅዟል ወይ ዱቄት በዝቶበታል፤ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ይመልሰዋል። ከተጋገረ በኋላ ጥርስ የሚያስቸግር ሆኖ ከተገኘ ታሽቷል ወይም ከልክ በላይ ቆይቷል። ያኔ ቶሎ ሙሉትና አንድ ቀን ጨምራችሁ አሳድሩት፣ ማርማላታው አብዛኛውን ያስተካክለዋል። በተቃራኒው በቆርቆሮው ውስጥ ከላሸቀ ማርማላታው በቂ አልተንተከተከም።

ለሰው የምትሰጡት ከሆነ በላዩ ላይ አልመንድ፣ ስንዴ፣ ቅቤና እንቁላል እንዳለበት ጽፋችሁ ለጥፉ። አልመንድ የማይስማማው ሰው ኩኪሱን አይቶ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

ከመስኮቶቹ የወጡትን ትንንሽ ክቦች አትጣሏቸው። ለብቻቸው ትሪ ላይ ደርድራችሁ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ጋግሯቸው፣ ሲቀዘቅዙ በተረፈው ማርማላታ ሁለት ሁለቱን አጣብቋቸው። እኔ ቤት እነዚህ ወደ ቆርቆሮው ደርሰው አያውቁም፤ ልጆቹ ከሽቦው ላይ ነው የሚጨርሷቸው።